የብርቄ ባለሦስት ጎማ

ብርቄ ባቻ ስትናደድ አትጮህም ነበር። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ይደርቃል፣ መዶሻው ግን ከወትሮው ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ነቀምቴ ከገበያው ግርጌ፣ የአርጆ መንገድ በሚጀምርበት፣ የአባቷን የብረት መቀጥቀጫ ጎጆ የሚያውቁ የጭነት መኪና ሾፌሮች የመዶሻውን አወራረድ ከሩቅ ሰምተው «ዛሬ ከብርቄ ጋር ቀልድ የለም» ይባባሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀልድ ያለበት ቀን ጥቂት ነው።

አባቷ ባቻ ቱምቱ ነበር። በወለጋ ቱምቱ የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ ነው፤ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር የሚሠራ፣ ነገር ግን ቡዳ ነው ተብሎ ከሰው ማዕድ የሚገለል። ያለ እሱ ማንም አያርስም፤ ከእሱ ጋር ግን ማንም አይበላም። ገበሬው ማረሻ ሊያስመታ ሲመጣ ከደጅ ቆሞ ያዝዛል፤ ሥራው ሲያልቅም መሬት ላይ አስቀምጥልኝ ይላል እንጂ ከእጁ አይቀበልም። እናቶች በዚያ ሲያልፉ የሕፃናታቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ብርቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን እያየች አደገች፤ ሆኖም አልለመደችውም። አባቷ ለምዶት ነበር። እሷን ከሁሉ በላይ ያናድዳት የነበረውም የእሱ መልመድ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ላይ መኪና እየበዛ ሄደ። ቡና ጭነው የሚወጡት ኤንትሬ የሚባሉ የጣሊያን ጭነት መኪናዎች በዴዴሳ ወንዝ ቁልቁለትና በክረምቱ ጭቃ ከሥር የሚሸከማቸው ብረት፣ ባሌስትራቸው፣ ይሰበራል፤ መለወጫ ለማምጣት ደግሞ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ሾፌሮቹ ወደ ባቻ መጡ። ሾፌር ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ስለሆነ የቱምቱ ነገር ብዙም አይገደውም፤ የተሰበረው ብረት ቀጥ ብሎ እንዲነሣለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ብርቄ ወናፍ እየነፋች መኪና የሚባለውን ነገር ከሥሩ አየችው። ካምቢዮው እንዴት እንደሚነክስ፣ ፍሪሲዮኑ ለምን እንደሚንሸራተት፣ ሾፌሮቹ እየተሳደቡ ሲፈቱና ሲገጥሙ ቆማ ተማረች። የአባቷ ዓይን በእሳት ሲደክም መዶሻውን ተረከበች። ባልም አግብታ ነበር፤ ከቱምቱ በቀር የሚያገባት ስላልነበረ ቱምቱ አገባች፤ እሱም ጊምቢ ለሥራ ሄዶ እዚያው ቀረ።

የብርቄ ጠባይ ብረት ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ አለመውደዷ ነው። የተጣለ የቢስክሌት ጎማ ካየች ወናፍ ላይ ገጥማ በእግር የሚነፋ ታደርገዋለች። በዴዴሳ ላይ ወፍራም ሽቦ ተዘርግቶ ሰው በሳጥን ተቀምጦ በክረምት ቢሻገርስ ብላ ታስባለች፤ እግረ መንገዷን ያንን ለሰው ትናገራለች፤ ይሥቁባታል። ለአርጆው ገበሬ ለባይሳ በእጅ የሚዞር የቡና መፈልፈያ ሠራችለት። ማሽኑ በደንብ ሠራ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየለት። በኋላ ግን ባይሳ መፈልፈያውን ከመጀመሩ በፊት በግ አርዶ፣ የቱምቱዋ ዓይን እንዲለቅቀው ደሙን በእጀታው ላይ እንደቀባ ሰማች። በማግስቱ በእግሯ አርጆ ሄደች። ባይሳ ከቤት ወጥቶ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም ሲላት አልፋው ወደ መፈልፈያው ሄደች። በያዘችው ቢላ የደረቀውን ደም ከእጀታው ላይ ፋቀች፣ አራገፈችና በመጣችበት ተመለሰች።

እሑድ እሑድ ወደ ሚሲዮኑ ጸሎት ቤት ትሄድ ነበር። እዚያ እኅታችን ይሏታል፣ አብረው ይዘምራሉ። ሰርግ ወይም ሐዘን ሲሆን ግን ያው እኅታቸው ከአጥሩ ጥግ ለብቻዋ ተቀምጣ፣ ለእሷ ተብሎ በተለየ ጣሳ ትጠጣለች። ጣሳውን እየጨመቀች ቤቷ ይዛው የመጣችበት ጊዜ አለ።

ባለሦስት ጎማውን ያሠራት ግን የአባቷ ሞት ነው። ባቻ በሐምሌ ጭቃ ታመመ። ሐኪም ቤቱ ከአቀበቱ ራስ ላይ ነው፤ በከተማው ልማድ በሽተኛ በቃሬዛ የሚሸከመው ጎረቤት ነው። የባቻን ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት ጠፋ። አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ልጁን ላከና የለም አስባለ። ብርቄ አባቷን በላሜራ ላይ አስተኝታ፣ በገመድ አስራ፣ ከአክስቷ ጋር አቀበቱን ጎተተችው። ማረሻቸውን የሠራላቸው ሰዎች በየደጃቸው ቆመው አዩ። ባቻ ከሐኪም ቤቱ በር ሳይደርስ ሞተ። ብርቄ አላለቀሰችም ብለው አሟት፤ ቡዳ አያለቅስም ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያን አቀበት ያለ ሰው ትከሻ የሚወጣ ነገር ካልሠራሁ ብላ ተነሣች። አንድ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ገደል የከተተው ዶቅዶቄ ነበር፤ አካሉ ተጨማድዶ ሞተሩ ብቻ የተረፈ። ለባለቤቱ ባሌስትራ ሠርታ በዋጋው ወሰደችው። ከኋላ ሁለት ጎማ፣ ከፊት አንድ አደረገች። ከተሰበረ የኤንትሬ ባሌስትራ ቆርጣ ስፕሪንግ አወጣች፣ በላዩ የጣውላ አልጋ ገጠመች፤ በሽተኛ ሊተኛበት፣ ጤነኛ ሊቀመጥበት ይችላል። ከላይ የድንኳን ሸራ ወጠረች። መጀመሪያ ሲነሣ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አልሄድ አለ። የማርሹን ጥርስ ስፋት ለወጠች፣ ፈታች፣ መልሳ ገጠመች፣ ሰደበችው፣ እንደገና ፈታች። ክረምቱ አልፎ የመስቀል አበባ ሲወጣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ አቀበቱን ወጣ። ጭነቱ ድንጋይ ነበር፤ ሌላ የሚሳፈር አልነበረማ።

በገበያ ቀን ወስዳ አውቶቡስ ከሚቆምበት አቆመችው። ከወደ አርጆ የመጡ ሰዎች አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ፤ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ብርቄ ሐኪም ቤት ድረስ በነጻ ላድርሳችሁ አለቻቸው። ደስ አላቸው፤ ሽማግሌውን ጣውላው ላይ ሊያስተኙ ጎንበስ እንዳሉ ከመካከላቸው አንዱ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። የባቻ ልጅ ነኝ አለች። ሰውየው የብረት ቀጥቃጩ የባቻ ወይ አለ። አዎ አለች።  ቃሬዛውን መልሰው ከትከሻቸው አዋሉና በጭቃው ውስጥ ሽቅብ ተያያዙት።

ብርቄ ሞተሩን አስነሣችና ባዶውን መኪና ከኋላቸው ነዳች። አልቀደመቻቸውም፣ ወደ ኋላም አልቀረችም። ሲቆሙ ትቆማለች፣ ሲሄዱ ትሄዳለች። ተሸካሚዎቹ እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ አንዴም ዘወር ሳይሉ ወጡ። ሽማግሌው ብቻ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ ባዶውን ጣውላ ሲያይ አየችው። ሐኪም ቤቱ በር ሲገቡ መኪናዋን አዙራ ተመለሰች። ያን ቀን የወረደው መዶሻ እስከ ገበያው መሐል ተሰማ ይባላል።

ይህን ሁሉ ከሱቁ ደጅ ሆኖ ያየ ገብረመስቀል የሚባል ነጋዴ ነበር። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ ምስማርና ላምባ የሚሸጥ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ወደ ጎጆዋ መጥቶ፣ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ደጅ ሳይቆም ገብቶ ተቀመጠ። በእሱም አገር እንጨት ጠራቢው እንዲሁ እንደሚገለል አጫወታት። ከዚያ ሐሳቡን ነገራት። መኪናው በእሱ ስም ይሁን፤ ከአስመራ ያስመጣሁት ነው ይበል፤ ሾፌር እሱ ይቅጠር፤ እሷ በስውር እየጠገነች ከሚገኘው ድርሻዋን ትውሰድ።

«እኔ የት ልግባ ታዲያ?» አለችው።

«አንቺማ እዚሁ ነሽ፤» አለ ገብረመስቀል። «መኪናው እንዲሄድ ነው ወይ የምትፈልጊው፣ ስምሽ እንዲጠራ?»

ጥያቄው አንገበገባት፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ትፈልግ ነበር። ቢሆንም አባቷን የጎተተችበት አቀበት ትዝ አላትና እሺ አለች።

ገብረመስቀል መኪናውን ቀይ ቀለም አስቀባው። በጎኑ ላይ አንድ ሠዓሊ በፈረንጅ ፊደል ትልልቅ ጽሑፍ ጻፈበት፤ ሠዓሊው ፊደሉን ከቆርቆሮ ላይ እያየ የገለበጠው እንጂ ምንም ትርጉም የለውም። ወልደዮሐንስ የሚባል የቀድሞ የጭነት ረዳት ሾፌር ሆነ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰው ለመሳፈር ተጋፋ። ሕዝቡ ሦስት እግሬ ብሎ ስም አወጣለት። በሽተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የእህል ጆንያ፣ የሙሽራ ዕቃ ሁሉ በእሱ ሆነ። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ሚስት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ገበያ ለመውረድና ለመውጣት ከእሱ ሌላ አልፈልግም አለች። ያች ሴት ከዓመት በፊት ብርቄ የጠገነችላትን የበር ቁልፍ በውሃ አሳጥባ የተቀበለች ናት። አሁን ግን ከጎጆው ፊት ስታልፍ ለጓደኛዋ፣ የፈረንጅ እጅ መቼም ሌላ ነው፣ አየሽ እንዴት እንደሚያንሳፍፍ ስትል ብርቄ በጆሮዋ ሰማች።

የሚያንሳፍፈው ከኤንትሬ ባሌስትራ የተቆረጠው ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ነክራ አውጥታ ያጠነከረችው እሷ ናት። ሮጣ ልትነግራት እግሯ ተነሣ፤ መልሳ ተቀመጠች። እንዲህ ያለው ቀን በዛ። መኪናው ሞልቶ ባለፈ ቁጥር ደስ ሊላት ሲገባ መዶሻዋን ታፈጥናለች። ድርሻዋን ገብረመስቀል አላጓደለባትም፤ ግን እያመጣ ሲሰጣት የሌባ ተካፋይ የሆነች ይመስላታል።

ከመከር በኋላ መኪናው ሲያልፍ ድምፁ ተለወጠባት። ከፊት ጎማ በኩል ቀጭን ሲጢጥታ አለ። የፊተኛው ሹካ፣ ጎማውን ይዞ የሚያዞረው ብረት፣ ከብየዳው ላይ እየተሰነጠቀ መሆኑ ገባት። ወልደዮሐንስ ከአቅሙ በላይ ይጭንበታል። ገብረመስቀልን መኪናው ይቁምና ልሥራው አለችው። የቡና ገበያው ሞቅ ያለበት ሰሞን ነውና ቅዳሜ ይለፍ አላት። ወልደዮሐንስን ለመነችው፤ እሱ ደግሞ የአስመራ ዕቃ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብሎ ሣቀባት። እውነቱን አያውቅም ነበር፤ ገብረመስቀል አልነገረውም። ያ ሣቅ ነው እንግዲህ የቀረ ትዕግሥቷን ያፈሰሰው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ መፍቻዋን ይዛ ከአቀበቱ ሥር መንገድ መሐል ቆመች። መኪናው መጣ፤ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣለች፣ ከኋላ ጆንያ ተከምሯል። ወልደዮሐንስ እያጉረመረመ ፍሬን ያዘ። ብርቄ ሳትናገር ከፊት ተንበረከከችና ቡሎኑን መፍታት ጀመረች። ወልደዮሐንስ እጇን ሊይዝ ሲመጣ መፍቻውን ቀና አድርጋ አየችው፤ ወደ ኋላ አለ። ሰው ተሰበሰበ። ሹካው ወጣ፣ የመኪናው አፍንጫ መሬት ነካ፣ ሸዋጌጥ ወደ ፊት ተንሸራተተች። ይህች የቱምቱ ልጅ የሰው ንብረት እያፈረሰች እናንተ ታያላችሁ ወይ አለች ወይዘሮዋ።

ብርቄ ተነሣች። በኦሮምኛ ጀመረችና ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ ደገመችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ሰዉ ለመስማት ተጠጋ።

«ይሄ ብረት የሰው ንብረት አይደለም፣ እሜቴ። የአስመራም አይደለም። እዚያ ታች፣ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በምታልፉበት ጎጆ፣ እኔ የባቻ ልጅ የሠራሁት ነው። ስትሳፈሩት የከረማችሁት የእኔን እጅ ነው። ማንንም አልበላም።»

 ቡና ሊጭን የቆመ አንድ ኤንትሬ ነበርና ወደ እሱ አመለከተች።

«ያንንስ ማን የሠራው ይመስላችኋል? ጣሊያን አገር ቀጥቃጭ የለም? ያም ሰው እሳት ፊት ቆሞ፣ እጁ እንደ እኔ ጠቁሮ ነው የሠራው። እሱ ሩቅ ስለሆነ መሐንዲስ ትሉታላችሁ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ቡዳ።»

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ለጊዜው የገባት አልመሰለም። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች፤ መቀመጫውን የነካውን ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ከገላዋ አርቃ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች። ጆንያ ያስጫኑት ጆንያቸውን አወረዱ። ከሕዝቡ መሐል አንዳንዱ ሲያማትብ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳይሥቅ እንዳልቀረ ብርቄ አይታለች።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት። ወልደዮሐንስ ንብረት አፈረሰች ብሎ ከሰሰ። የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ሞረዳ ገብረመስቀልን አስጠራና መኪናው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው ጠየቀው። ብርቄ ሹካውን ይዛው መጥታ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ይታያል። ገብረመስቀል አስመራ ካለ እሷ እስር ቤት መግባቷ ነው። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ከተማውን ሁሉ በቱምቱ መኪና ያሳፈረ ነጋዴ ሆኖ ሱቁ መዘጋቱ ነው። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሹካውን አገላብጦ እያየ ቆየ።

«እሷ ናት የሠራችው፤» አለ በመጨረሻ። «አስመራ ያልኩት እኔ ነኝ።»

መቶ አለቃው ሹካውን ለብርቄ መልሶ ሰጣት፤ ከእጁ ወደ እጇ። ከዚያ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናውን የሚሳፈር ጠፋ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ታመመች፣ ጠበል ገባች ተባለ። ገብረመስቀል መኪናውን ለብርቄ መለሰላት። ደንበኞቹ ለወራት ሸሹት፤ እሷን ቢያገኛትም ሰላምታ አይሰጣትም ነበር። ቢናደድ አልፈረደችበትም፤ ይቅርታም አልጠየቀችውም። ሹካውን በአዲስ ብረት አጠንክራ ሠራች። ቀዩን ቀለም ልትፍቀው ጀምራ፣ ያንን ትርጉም የሌለውን ጽሑፍ ብቻ ፍቃ ተወችው። መኪናው ጎጆው ጥግ ቆመ። ደግ አደረግሁ ወይስ አጠፋሁ ብላ እንዳላሰበች የሚናገር ካለ አያውቃትም፤ በየቀኑ ታስብ ነበር፣ በየቀኑም መልሱ ያናድዳት ነበር።

በጾሙ ወቅት ይሆናል፣ አንድ ሰው ከጎጆዋ ደጅ መጥቶ ቆመ። መርጋ ይባላል፤ ከጊዳ አያና በኩል ለሕክምና በእግሩ የመጣ ነው። የሥጋ ደዌ ጣቶቹን በልቶታል፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በየመንገዱ የጭነት መኪና ለምኖ የጫነው አልነበረም። አቀበቱ አቃተው። እዚህ አንዲት ሰው የማይሳፈርበት መኪና ያላት ሴት አለች ብለው ነገሩኝ አላት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አለ፣ «እኔን ትጭኚኛለሽ?»

ብርቄ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሳታስበው ነው። እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስቦ ነበር። መርጋ አየ፤ አልተቆጣም፣ እንደ አባቷ ለምዶታል፤ ዞሮ ሊሄድ ከዘራውን አነሣ። ብርቄ ያን ጊዜ የተሰማት ንዴት በሕይወቷ ከተሰማት ሁሉ የከፋ ነበር፤ የሚወርድበት ሌላ ሰው አልነበረምና። ቀሚሷን ለቀቀች። ሄዳ ብብቱን ደግፋ ያዘችው፤ ሰውነቱ ትኩሳት ነበረው። ጣውላው ላይ አስቀምጣው ሞተሩን አስነሣች።

አቀበቱ ላይ መርጋ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ነበር። መያዣው ብረት ለጣት የተሠራ ነው፤ እሱ ደግሞ ጣት የለውም። አንገቱን እየደፋ በክርኑ ሊያቅፈው ይታገላል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አውርዳው ስትመለስ ስለ ሌላ ነገር አላሰበችም። ያን ምሽት የክርን ያህል ጎበጥ ያለ፣ በወፍራም ቆዳ የተጠቀለለ ብረት አውጥታ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ገጠመች፤ ክንድ እንዲገባበት።

መርጋ ለሌሎቹ ነገረ፤ ሌሎቹም መጡ። ከገጠር የሚመጡት፣ አውቶቡስ የማያሳፍራቸው፣ በየዛፉ ሥር የሚያድሩት ሁሉ የብርቄን ጎጆ አወቁት። እሷ ራሷ ትነዳቸዋለች። ሰዎች ቱምቱዋና ቆማጣዎቹ ተገናኙ ብለው አፌዙ፤ እሷም ፌዙን ያሰሙባት ደጅ ስትደርስ ሆን ብላ ሞተሩን አስጓርታ ጭሱን ለቅቃባቸው ታልፋለች።

አንድ ቀን መርጋ ከሕክምና ሲመለስ ከጎጆዋ አረፍ ብሎ፣ ያ የክንድ መያዣ ለረጅም ሰው ነው የሚመቸው፣ ለአጭር ሰው ብብት ይልጣል አላት። ብርቄ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን ብላ አጉረመረመች። ቢሆንም ሊያሳያት ሲሳፈር ጎንበስ ብላ አየችው፤ እውነቱን ነበር። መፍቻዋን አንሥታ፣ ድሮስ ከእናንተ ምስጋና አይገኝ እያለች ቡሎኑን መፍታት ጀመረች። መርጋ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እሱ ጋ ይላታል።